ፊስካል ኖት ምንድን ነው? የጥበቃ ትዕዛዝ ህግ ሲቀየር ሂሳቡ ለማን ይደርሳል?

ቴክሳስ ውስጥ አንድ ረቂቅ ህግ ወደ ኮሚቴ ሲገባ ከኋላው አንዲት አጭር ወረቀት ትከተለዋለች። ፊስካል ኖት ይሏታል። የበጀት ማስታወሻ ብንላትም ያስኬዳል። ጥያቄዋ ግልጽ ነው፦ ይህ ህግ ቢጸድቅ በሚቀጥሉት 5 ዓመታት መንግስትን ስንት ያስወጣዋል? የሚጽፏት የምክር ቤቱ የበጀት ቦርድ ባለሙያዎች ናቸው። ምክር ቤቱ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በ2 ዓመት አንዴ፣ ለ140 ቀን ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቆች ይጎርፋሉ። ጥድፊያውን አስቡት።

መልሷ ብዙ ጊዜ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጉልህ የገንዘብ ጫና አይጠበቅም። እኔን የሚገርመኝ «ጉልህ» የምትለዋ ቃል ናት። ጉልህ አይደለም ማለት ዜሮ ነው ማለት አይደለም።

የቤት ውስጥ ጥቃት የጥበቃ ትዕዛዝን እንይ፤ ጥቃት አድራሹ ተጎጂዋን እንዳይነካ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትዕዛዝ ነው። አንዲት ሴት ባሏ መትቷት ለካውንቲው (ከስቴቱ በታች ላለው የአካባቢ መስተዳድር) ዓቃቤ ህግ አመለከተች እንበል። አንድ ሰራተኛ ቁጭ ብሎ ቃሏን ይቀበላል። ዳኛው ባልየው ሳይጠራ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ይሰጣል፤ እስከ 20 ቀን ይጸናል፣ ሊራዘምም ይችላል። ከዚያ የሸሪፉ ሰው ወረቀቱን ይዞ ባልየውን ፍለጋ ይወጣል። ቤት ሲሄድ «ለቋል» ይባላል። ስራ ቦታ ሲሄድ ዛሬ ፈረቃው አይደለም። ሌላ ቀን ነዳጅ ሞልቶ እንደገና ይሄዳል። ሴትየዋ ከአማርኛ ሌላ የማትናገር ከሆነች ደግሞ ለችሎቱ አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ ሐበሻ በበዛበት በዳላስና በጋርላንድ አካባቢ ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። ለዚህ ሁሉ እሷ አምስት ሳንቲም አትከፍልም፤ አመልካችን ማስከፈል በህግ የተከለከለ ነው። ጥቃት ማድረሱ ከተረጋገጠ ወጪው በባልየው ላይ ይጣላል፣ አቅም ከሌለው ግን ይቀርለታል። የቀረውን ካውንቲው ይሸከማል።

አሁን ህጉን ትንሽ ነካ አድርጉት። እስከ 2023 ድረስ ዳኛው ከጊዜያዊው በኋላ የሚመጣውን ዋናውን ትዕዛዝ ለመስጠት ሁለት ነገር ማመን ነበረበት፦ ጥቃት ተፈጽሟል፣ ወደፊትም ሊደገም ይችላል። በዚያ ዓመት ሁለተኛው ተሰረዘ። በወረቀት ላይ የአንድ ሐረግ ጉዳይ ነው። በተግባር ግን ቀድሞ «ይደገማል የሚል ማስረጃ የለም» ተብሎ የሚወድቅ ማመልከቻ አሁን ሊያልፍ ይችላል። ትዕዛዝ ከበዛ ደግሞ የሚደርሰው ወረቀት፣ የሚሞላው መዝገብ፣ የሚከታተለው ፖሊስም ይበዛል።

ማስታወሻዎቹ ታዲያ ለዚህ የተለመደ መልስ አላቸው፦ ወጪው ባለው አቅም ይሸፈናል። እኛ አገር መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ይቺን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። «ባለው የሰው ኃይል ይሰራ» ተብሎ ደብዳቤ ሲመጣ ማን እንደሚያመሽ አይጠፋውም።

ቴክሳስ ደግሞ 254 ካውንቲ አላት። ሂዩስተን ያለበት ሃሪስ ካውንቲ ከ4.7 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ አለው። ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ሲቆጠር 64 ሰው ብቻ ተገኘበት። «ለአካባቢ መስተዳድሮች ጉልህ አይደለም» የሚለው መስመር ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የሚናገረው።

ዋናው ጨዋታ ያለው ግን ቅጣቱ ላይ ነው። ትዕዛዙን የጣሰ ሰው በመደበኛው እስከ 1 ዓመት ይታሰራል፣ ያውም በካውንቲ እስር ቤት። ምግቡም አልጋውም ከካውንቲው ኪስ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተፈርዶበት ከሆነ፣ ወይም ሲጥስ ከደበደበ ግን ወንጀሉ ከባድ ይሆንና ቅጣቱ ከ2 እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ያኔ የሚገባው የስቴቱ ወህኒ ቤት ነው። ስለዚህ ቅጣቱን የሚያከብድ ረቂቅ ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ሂሳቡንም ከካውንቲ ወደ ስቴት ያዛውራል። እዚህ ላይ ነው ማስታወሻዋ ቁጥር ማውጣት የምትጀምረው።

ያልወጣ ወጪ ግን ቦታ የለውም። ያልተሰበረ ክንድ፣ ያልተጠራ አምቡላንስ፣ ከስራ ያልተቀረበት ቀን በሰንጠረዡ ውስጥ አይታዩም። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ይህንን ለማስላት ሞክረው ነበር። ለጥበቃ ትዕዛዝ በወጣ በእያንዳንዱ 1 ዶላር 30 ዶላር ከ75 ሳንቲም የሚያህል ጉዳት እንደሚቀር አገኙ። ያ የኬንታኪ ሂሳብ ነው፣ ለቴክሳስ እንዳለ አይገለበጥም። ቢሆንም አንድ ወገን ብቻ የተጻፈበትን ደብተር ለሚያነብ ሰው ጥሩ ማሳሰቢያ ነው።

ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥር አስገቡና ማስታወሻዋን ክፈቱ። ላይኛውን ድምር አይታችሁ እንዳትዘጉት። የአካባቢ መስተዳድሮች ጉዳይ ታች፣ መጨረሻ አካባቢ ነው ያለው። ረቂቁ በተሻሻለ ቁጥር አዲስ ስለሚጻፍ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርጉና አንብቡ።