የልጅ «የመቋቋም አቅም» ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

ለቅሶ ቤት ነው። አባቱን ያጣው የ7 ዓመት ልጅ ከድንኳኑ ጀርባ ኳስ ያባርራል። «ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል» ይላሉ አንድ ሽማግሌ። የ11 ዓመት እህቱ ደግሞ ጓዳ ገብታ የቡና ስኒ ታጥባለች፤ እንባ አይታይባትም። «እንዴት ያለች ቻይ ልጅ ናት!» ይላሉ ሴቶቹ። ሳይታወቃቸው ሁለት ልጆችን መዘኑ ማለት ነው፤ የመዘኑት ግን ፊታቸው ላይ ያለውን ብቻ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የመቋቋም አቅም የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ሞት፣ ጦርነት፣ መፈናቀል ወይም የቤት ውስጥ ጠብ የደረሰበት ልጅ እድገቱ ሳይሰናከል ሲቀር፣ ወይም ከተሰናከለ በኋላ ተመልሶ መንገዱን ሲይዝ አቅሙ አለ ይባላል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ሰው ያምናል። ቃሉን «አይበገሬነት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ አልወደውም፤ ልጁን ድንጋይ ያስመስለዋል። «ቻይነት»ም አይሆንም። በአማርኛ ቻይ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ አምቆ የሚኖረውን ሰው ነውና። ያቺ ስኒ የምታጥብ ልጅ ማታ ከማን ጋር እንደምትተኛ የጠየቀ የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ከተጠኑት ሁሉ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው በሃዋይ የካዋይ ደሴት ጥናት ነው። ኤሚ ቨርነርና ሩት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1955 በደሴቲቱ የተወለዱትን 698 ሕፃናት እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ተከታተሉ። ከእነዚህ ውስጥ ድህነት፣ የወሊድ ችግር፣ የቤተሰብ ጠብ፣ የወላጅ ሱሰኝነት ወይም የአእምሮ ሕመም ተደራርቦባቸው ያደጉ ነበሩ። ከእነዚህ ባለ ብዙ ችግር ልጆች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ጤነኛ፣ ሠርተው የሚያድሩና ለሰው የሚያስቡ ጎልማሶች ሆነው ተገኙ። ምን ነበራቸው? ከሌሎች ነገሮች ጋር፣ ከወላጅም ይሁን ከአያት፣ ከጎረቤት ወይም ከአስተማሪ ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸው ሰው ነበራቸው። ከቀሩትም መካከል በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ተስፋ የተቆረጠባቸው ብዙዎች 40 ዓመት እስኪሞላቸው ተመልሰው ቆመዋል። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ምዘና «ይህ ልጅ አይሆንለትም» ብሎ መፍረድ የማይቻለው።

አማርኛ ለዚህ የቆየ አነጋገር አለው፤ «ሰው አለው»፣ «ሰው የለውም» እንላለን። የመቋቋም አቅም ምዘና ሲገለጥ ትልቁ ክፍሉ ይኸው ነው፤ ልጁ ማን አለው?

መጠይቆች አሉ። እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ባለ 25 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ በአማርኛም ተተርጉሟል፤ ወላጅ ወይም አስተማሪ ይሞላዋል። ነገር ግን ከ25ቱ 20ዎቹ የሚጠይቁት ስለ ችግር ነው፤ ይቁነጠነጣል ወይ፣ ይፈራል ወይ፣ ይደባደባል ወይ። ችግር ማጣራትና አቅም መመዘን አንድ አይደሉም። ወደ አቅም የሚያዘነብለው በካናዳ ማይክል ኡንጋርና ባልደረቦቹ በ11 አገሮች ካሉ ወጣቶች ጋር ያዘጋጁት ባለ 28 ነጥብ መጠይቅ ነው። እሱን ሳነብ ያስቆመኝ ሲርብ የሚበላ መኖር አለመኖሩ ከሃይማኖት፣ ከወገን ኩራትና ከወላጅ እንክብካቤ ጎን ለጎን መጠየቁ ነው። ባዶ ሆድ ስላለው ልጅ የመንፈስ ጥንካሬ መናገር ስድብ ይመስላልና፣ ልክ ነው።

መጠይቅን ወደ አማርኛ ማምጣት ግን ቃል በቃል በመገልበጥ አይሆንም። አንድን የ8 ዓመት ልጅ «የድጋፍ መረብ አለህ?» ብትሉት የሚያስበው የኳስ መረብ ነው። «ሲከፋህ ለማን ትነግራለህ?»፣ «ሌሊት ቢያምህ ማንን ትቀሰቅሳለህ?»፣ «እናትህ ብትዘገይ ማን ቤት ትጠብቃለህ?» ሲባል ግን ስም ይጠራል። ሌላው ችግር ጨዋነታችን ነው። ትልቅ ሰው ለጠየቀው ጥያቄ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መመለስን የተማረ ልጅ በሁሉም መስመር ላይ «ሁልጊዜ» የሚለውን ቢያከብብ አይገርምም። እንዲህ ያለ እንከን የለሽ ወረቀት ሲመጣ ባለሙያው ሊደሰት አይገባም።

ለእኔ ከመጠይቁ ይልቅ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ አን ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው የግንኙነት ካርታ አንድ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። መሐል ላይ አንድ ክብ ይሣላል፤ በዙሪያው ደግሞ ሌሎች ክቦች፣ ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ቦታ አንድ። ወፍራም መስመር ጠንካራ ግንኙነት ነው፤ የተቆራረጠው የላላ፤ የተጠማዘዘው ጭቅጭቅ ያለበት። ቀስቱ ድጋፉ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ያሳያል።

እንበል ደሴ ውስጥ አክስቷ ጋር የምትኖር የ10 ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷ ወደ እናቷ ወፍራም መስመር ሣለች። «መቼ አወራችሁ?» ስትባል «ከፋሲካ ወዲህ ስልኳ አይሠራም» አለች፤ መስመሩን ግን አላቀጠነችውም። ከእናቷ የሚመጣው የገንዘብ ቀስት አክስት ጋ ይቆማል። ወደ አክስቷ ያለው መስመር ጥምዝምዝ ነው። ወደ ትንሽ ወንድሟ የሚሄደው ቀስት ከእሷ ይነሣል፤ ማለትም በዚያ በኩል ድጋፍ ሰጪዋ እሷ ናት። አስተማሪዋ ወረቀቱ ላይ የሉም። ከዚያ ጥግ ላይ አንድ ክብ ጨመረች፤ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት ሴት። ወፍራም መስመር። ለምን? «እናቴን ያውቋታል። ቦርሳዬን እሳቸው ጋ አስቀምጬ እጫወታለሁ። ዝናብ ሲመጣም ከላስቲካቸው ሥር ያስገቡኛል።»

«ወላጅ ወይም አሳዳጊ» የሚል ቅጽ እኚህን ሴት በፍጹም አያገኛቸውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጅቷ የደረሰባትን ክፉ ነገር እንድትተርክ አልተጠየቀችም። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ልጅ ያየውን ለማያውቀው ሰው እንዲዘረዝር መገፋፋት ቁስል መነካካት ነው። ከመጠየቁ በፊትም መልሱ ከባድ ቢሆን ልጁ ወዴት እንደሚላክ መታወቅ አለበት፤ መላኪያ ሳይኖር ወረቀት ማስሞላት ለሪፖርት ካልሆነ ለልጁ ምንም አይጠቅመውም።

ምዘናው ከወራት በኋላ ይደገማል። በስድስተኛው ወር ያቺው ልጅ ሥዕሉን ስትሠራ የአክስት መስመር ትንሽ ተቃንቷል፤ እናትም በሌላ ቁጥር መደወል ጀምራለች። ጥግ ላይ የነበረው ክብ ግን የለም። መንገድ ሲሰፋ ጉልቱ ተነሥቷል። ልጅቷ ያው ናት፤ ድፍረቷም፣ ሳቋም፣ የሒሳብ ውጤቷም እንደ ነበረ ነው፤ ወረቀቷ ላይ ግን አንድ ወፍራም መስመር ጎድሏል። አማካሪዋ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፈችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሴትዮዋ አሁን የት ነው የሚሸጡት?»