«ውስን መንግሥት» ምንድን ነው? ደካማ መንግሥት እንዳልሆነ ልንገራችሁ

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በአሜሪካ ለስቴት ምክር ቤት ስለሚወዳደር እጩ ሲያወራ ሰማሁ። «ሰውየው የግል ነፃነት፣ ውስን መንግሥት ይላል። ባጭሩ መንግሥት አያስፈልግም እያለ ነው» አለ። ይህን አባባል መስማት ሰለቸኝ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ውስን መንግሥት የመጠን ጉዳይ አይደለም። የሠራተኛው ብዛት፣ የበጀቱ ስፋት፣ የፖሊሱ ጉልበት ሌላ ወሬ ነው። ጥያቄው «ይህን እንዲያደርግ ማን ፈቀደለት?» የሚል ነው። ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል ያቃተው መንግሥት በርህን ሰብሮ ቢገባና ጠያቂ ባይኖረው፣ ደካማም ነው ገደብ የለሽም ነው። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ያለው መንግሥት ደግሞ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ቤትህን መፈተሽ ካልቻለ ውስን ነው። (ለፍተሻው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ አውቃለሁ፤ የሕግ ሰዎች አትቆጡኝ።)

ለሰው ውክልና ሰጥቶ የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም። አዲስ አበባ ላለው ወንድምህ «ቤቱን አከራይ፣ ኪራዩን ተቀበል» ብለህ ወከልከው እንበል። ወንድምህ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ ቤቱን መሸጥ አይችልም። ወረቀቱ ላይ የለማ! ወረቀቱ በደፈናው «ጠቅላላ ውክልና» ቢል እንኳ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል።

የአሜሪካ ኮንግረስ፣ ማለትም የፌዴራሉ ሕግ አውጪ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ነው። ሕገ መንግሥቱ ሥራውን ዘርዝሮ ሰጥቶታል። በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ያልተሰጠው ነገር የስቴቶቹ ወይም የሕዝቡ ነው ይላል። በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣኑ በተግባር ስንት በር እንደከፈተለት ግን ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

ተንታኛችን የሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እጩዎቹም ብዙ ጊዜ ይስቱታል። 10ኛውን ማሻሻያ አንግበው ለስቴት ምክር ቤት ይወዳደራሉ። ስቴት ግን ሌላ ዓይነት ወንድም ነው። የሱ ውክልና የተጻፈው በተገላቢጦሽ ነው፤ «ከዚህና ከዚህ በቀር ሌላውን ሁሉ አንተው ታውቃለህ» ይላል። ጤና፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመጠጥ ሽያጭ፣ ሁሉም እሱ እጅ ላይ ነው። ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ብሎ 5 ዶላር ተቀጣ። ነፃነቴ ተነካ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና በ1905 ተረታ። ስቴት የሕዝብን ጤና የመጠበቅ ሥልጣን አለው ተባለ፣ አለቀ።

ስለዚህ የስቴት እጩ «ውስን መንግሥት» ሲል «ሥልጣኑ አለኝ፣ ግን አልጠቀምበትም» ማለቱ ነው። ቃል ነው እንግዲህ።

ቃሉ በተግባር ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ኒው ሃምፕሻየር አለች። 1.4 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ 400 ተወካዮች አሏት። ደመወዛቸው በዓመት 100 ዶላር ነው፣ ከ1889 ጀምሮ አልጨመረም። ለእጩነት መመዝገቢያው 2 ዶላር ነው፤ ማንም ተነስቶ መወዳደር ይችላል። በ2003 ፍሪ ስቴት ፕሮጀክት የሚባለው፣ ውስን መንግሥት የሚፈልጉ ሰዎችን በአንድ ስቴት የማስፈር ንቅናቄ፣ አባላቱ የሚሰፍሩባት ብሎ የመረጣት ስቴት ናት፤ ከሰፈሩት መካከል ምክር ቤት የገቡም አሉ። ለአዋቂ ቀበቶ ማሰር ግዴታ አይደለም። ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ለስቴቱ አይከፈልም። አሪፍ ነው። ግን የቤት ግብሩ ያማል፤ ውስኪ የምትገዛው ደግሞ ከራሱ ከስቴቱ ሱቅ ነው። የነፃነት አገር በተባለው!

የመኪና ታርጋዋ ላይ «ነፃ ኑር ወይም ሙት» የሚል ተጽፏል። በ1970ዎቹ አንድ ነዋሪ መፈክሩ ከእምነቴ ጋር አይሄድም ብሎ በፕላስተር ሸፈነው። ስቴቱ ከሰሰው። ቅጣቱን አልከፍልም ሲል 15 ቀን ታሰረ። የነፃነት መፈክር ስለሸፈነ! ያዳነው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ነው፤ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው ማሻሻያ መጀመሪያ የሚገድበው ፌዴራሉን ብቻ ነበር፤ ስቴቶችን መያዝ የጀመረው ከ1868ቱ 14ኛ ማሻሻያ በኋላ ነው፣ ያውም ቀስ በቀስ። «ፌዴራሉ ይጥበብ እንጂ ነፃነት በራሱ ይመጣል» የሚሉት ይህን ጉዳይ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

እጩው ሰፈራችሁ መጥቶ በር ካንኳኳ ስለ ኢሚግሬሽንና ስለ ፌዴራል ታክስ አትጠይቁት፣ እጁ ላይ አይደለም። የትኛውን ሕግ እንደሚሰርዝ በስም ይንገራችሁ። ቨርጂኒያ ሹሩባ ለመሥራት ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፤ በ2012 ቀረ። ብዙ እህቶቻችን የሚተዳደሩበትን ሥራ ነፃ ያደረገው የስቴት ሕግ ነው፣ ዋሽንግተን አይደለም። ከዚያ ደግሞ ስለ ከተሞች ጠይቁት። ከተማ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከስቴቱ ነው፤ «ነፃነት» እያለ ከተማው ራሱ የመረጠውን ደንብ በስቴት ሕግ የሚሽር ተወካይ ሞልቷል። እሱ ከየትኛው ወገን ነው?