የሲልቨርማን ነጥብ ምንድን ነው?

የአዋቂ ሰው ሳንባ ሲለካ "በደንብ ሳብ፣ እስኪያልቅ ንፋ" ይባላል። በ30ኛው የእርግዝና ሳምንት የተወለደ ሕፃን ይህን አይሰማም። 1 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየርም 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። ያንን የሚለኩ ረቂቅ መሣሪያዎች አሉ፣ ግን ለዕለት ሥራ አይመቹም። ስለዚህ ሐኪሙ ዓይኑንና ጆሮውን ይጠቀማል። ሕፃኑ ለመተንፈስ ምን ያህል እንደሚቸገር አይቶ ያየውን ወደ ቁጥር የሚቀይርበት አንዱ መንገድ የሲልቨርማን ነጥብ ነው።

ያወጡት ዊሊያም ሲልቨርማንና ዶሮቲ አንደርሰን ናቸው፤ በ1956 እ.ኤ.አ.። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የውሃ ጉም ይረዳቸው እንደሆነ እየፈተኑ ነበር። ጉሙ አልረዳም። መለኪያው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

አምስት ነገር ይታያል። ደረትና ሆድ አብረው ይነሳሉ? የጎድን አጥንቶች መሐል ስርጉድ ይላል? ከደረት አጥንቱ ጫፍ ሥርስ? አፍንጫው ይሰፋል? ሲያስወጣ ያቃስታል? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል። እዚህ 10 ከ10 ማምጣት አያስደስትም፤ 0 ጥሩ ነው፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ከጭልጋ ወይም ከዳባት በሪፈር ጎንደር የደረሰ ሕፃን መንገድ ላይ ባሰበት ወይስ ተሻለው ለማለት ይጠቅማል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ማቃሰቱ የሆድ ቁርጠት ሊመስል ይችላል። አይደለም። የሳንባን ጥቃቅን ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት በበቂ መጠን የሚገኘው ከ34ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። ከዚያ ቀድሞ የመጣ ሕፃን ጉሮሮውን አጥብቦ አየሩን ይይዛል፣ ከረጢቶቹ እንዳይከደኑበት። ድምፁ የሚወጣው ያኔ ነው። በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት የሚሰጠው፣ ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያም የሚያግዘው ይህንኑ ነው።

በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ፑልስ ኦክሲሜትር በሚባል፣ ቆዳ ላይ በሚደረግ መሣሪያ ለብቻው ይታያል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ጤነኛ ሕፃን እንኳ እዚህ ከመተማው እኩያው ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ደባርቅ ሲወጡ ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። ቢሆንም ዝም ብሎ ኦክስጅን መጨመር አይቻልም፤ ሲበዛ ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን ዓይን ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን ያታልላል። ማቃሰቱ ሲጠፋ ነጥቡ ይቀንሳል፣ ቤተሰብም እፎይ ይላል። ሕፃኑ ግን ደክሞት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ነርሷ ነጥቡን እየደጋገመች የምትወስደው፣ ትንፋሹንም ሙሉ ደቂቃ የምትቆጥረው። ከ20 ሰከንድ በላይ ካቆመ ወዲያው መነካካት አለበት።