የቤተ እስራኤል ግጥም፦ ከግእዝ ጸሎት ወደ ዕብራይስጥ

ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በሰሜን ተራሮችና በአካባቢው ለዘመናት የኖሩ የኢትዮጵያ አይሁድ ናቸው። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ሌሎች ያወጡላቸው ነው፤ እነርሱ አይወዱትም። ዕብራይስጥ ሳይኖራቸው አይሁድነታቸውን ያቆዩት በግእዝ ኦሪትና በግእዝ ጸሎት ነው። ግጥማቸውን ከጸሎታቸው መነጠል ያስቸግራል። የአገራችን ሥነ ጽሑፍ ሲቆጠር ስሙ እምብዛም የማይነሣው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ለዚህ ነው።

በደንብ የተመዘገበውም ይኸው ጸሎት ነው። ፈረንሳዊው አይሁዳዊ ምሁር ዮሴፍ ሃሌቪ በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መጥቶ ያገኘውን ጸሎት በ1877 ፓሪስ ላይ አሳተመ፤ ትእዛዘ ሰንበት የተባለውን የግእዝ መጽሐፋቸውን በ1902 አስከተለ። የሴማውያን ቋንቋዎች ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1951 የተመረጡ ጽሑፎቻቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ብዙው ድርሳን የሚከፈተው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» በሚል ቡራኬ ነው። ካህናቱ ዜማውን እየተቀባበሉ ያደርሱታል፤ በበዓል ነጋሪትና ቃጭል ይታከልበታል። አልፎ አልፎ በመካከሉ የአገውኛ ስንኝ ይገባል።

የዚህ ቅርስ ዕንቍ ትእዛዘ ሰንበት ነው። ሰንበት እዚያ የሳምንት ቀን ብቻ አይደለችም፤ መላእክት የሚያጅቧት፣ ዘውድ የደፋች እመቤት ናት። በሲኦል ስላሉ ነፍሳት በፈጣሪ ፊት ቆማ ትማልዳለች። ሰንበትን በሴት አምሳል ማክበር በሌሎች አይሁድ ዘንድም አለ፤ እንዲህ የምትከራከር ሰንበት ግን ሌላ ቦታ አላነበብሁም።

ትውፊቱ ብዙዎቹን ጸሎቶች በ15ኛው መቶ ዘመን ለነበሩት መነኵሴው አባ ሰብራና የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ለሚባለው ጸጋ አምላክ ይሰጣል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከፊሉ ከክርስቲያን የግእዝ መጻሕፍት የመጣ ነው ይላሉ። ቢሆንም እንኳ ካህናቱ አበጥረው የራሳቸው አድርገውታል።

የሕዝቡ ግጥም በአብዛኛው በአማርኛ ነበር። ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ልጆች «ሽመላ ሽመላ፣ አገራችን ኢየሩሳሌም ደኅና ናት?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። አይተዋት የማያውቋትን ከተማ «አገራችን» ማለታቸው ከማንኛውም ትንታኔ ይበልጣል።

ኋላ ወደዚያችው አገር በሱዳን በኩል በተደረገው ጉዞ 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። እስራኤል በአውሮፕላን ባጓጓዘችባቸው በዘመቻ ሙሴ (1984–85) ወደ 8,000፣ በዘመቻ ሰሎሞን (ግንቦት 1991) ከ14,000 በላይ ሰዎች እስራኤል ገቡ። ስለ ጉዞው በዕብራይስጥ የታወቀውን መዝሙር የጻፈው ከማኅበረሰቡ ውጭ የሆነው ሃይም ኢዲሲስ ነው። በዚያ መዝሙር ውስጥ ልጁ በጨረቃ የእናቱን መልክ ያያል፤ አጠገቡ ብትሆን ኖሮ አይሁዳዊ መሆኑን ታስረዳለት ነበር። አይሁድነትን የማስመስከር ሸክም ኢየሩሳሌም ከተደረሰ በኋላም አልቀረም። አሁን ልጆቻቸው በዕብራይስጥ ይገጥማሉ፣ ራፕም ያደርጋሉ።

የእስራኤል ፓርላማ በ2008 በሕግ ባጸናው፣ ቤተ እስራኤል በየዓመቱ በሚያከብሩት የስግድ በዓል ቀሶቹ (ካህናቱ) አሁንም ኢየሩሳሌም ላይ ጥላ ዘርግተው ያንኑ የግእዝ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ከወጣቶቹ አብዛኞቹ ግን ትርጉሙን የሚያውቁት በዕብራይስጥ ነው።