«ለቅኔ ተማሪ ማን ስኮላርሺፕ ይሰጣል?»

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የማልጠፋባት አንዲት ሻይ ቤት አለች። ከዲማ፣ ከዋሸራ ወይም ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት አልፈው በነገረ መለኮት ዲግሪ የያዙ ልጆች ይመጣሉ። ሻዩን እነሱ ይከፍላሉ፣ እኔ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ ማመልከቻቸውን አነባለሁ። የሚሉኝ ነገር ከአንዱ አንዱ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ደጋግሜ የምመልሰውን ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ስትሉ ታገኙታላችሁ።

«ስኮላርሺፕ ለሐኪምና ለኢንጂነር እንጂ ለነገረ መለኮት የለም»

አለ። ችግሩ ብዙ ሰው «ነገረ መለኮት» የሚል ቃል ያለበትን ብቻ መፈለጉ ነው። የኦክስፎርዱ ክላረንደንና የካምብሪጁ ጌትስ የሚባሉት ስኮላርሺፖች የትምህርት ዓይነት አይመርጡም። ለክላረንደን እንዲያውም የተለየ ማመልከቻ የለም። ለትምህርቱ በታኅሣሥ ወይም በጥር ቀነ ገደብ ካመለከትክ ስምህ ራሱ ይገባል። ለማስተርስ ደግሞ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ አለ። 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ይቆጠራል። ሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማረ ልጅ «ልምድ የለኝም» ሲለኝ የምስቀው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ኖትር ዳምና ዬል ያሉት ለዶክትሬት የተቀበሉትን ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ሸፍነው የመኖሪያ ገንዘብም ይሰጡታል። እዚያ ዋናው ፈተና መግባቱ ነው።

«ቅኔ ቤት የፈጀሁት ዘመን ለፈረንጅ ምኑም አይደለም»

ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እስቲ ከአገራችን እንጀምር። ጄምስ ብሩስ በ1770 ሰከላ ድረስ መጥቶ ግሽ ዓባይን አየ። ሁላችንም የምናወራለት ስለ ምንጩ ነው። ሲመለስ ግን መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ ነበር፤ በ1773 አውሮፓ አደረሰው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ ሄኖክን የሚያጠና ምሁር ግዕዝ ሳይነካ አያልፍም። ሮጀር ካውሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ደግሞ የእኛን አንድምታ፣ ማለትም የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ አጥንቶ በ1983 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትሟል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለው፤ እዚያው ሃምቡርግ የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው የብራና ጥናት እስከ 2040 የታቀደ ነው። እነዚህ ሰዎች ግዕዝን በሃያ ምናምን ዓመታቸው ከፊደል ይጀምራሉ። አንተ በዚያ ዕድሜህ መወድስ ተቀኝተሃል።

ግን ተቃራኒውም ስህተት ነው። «ቅኔ አስመስክሬያለሁ፣ ይበቃል» የሚል አለ። አይበቃም። ፎርሙ ላይ ለቅኔ ቤት የተዘጋጀ ሳጥን የለም። የየኔታ ምስክርነት ተተርጉሞ ቢያያዝ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የምርምር ሥራህን የሚያውቁ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደብዳቤ አይተካም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምርምር ሐሳቡ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። እኔ በመጀመሪያው ማመልከቻዬ አምስት ገጽ ሙሉ ቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊት መሆኗን ነው የጻፍኩት። አልተቀበሉኝም፤ አሁን ሳነበው እኔም ራሴን አልቀበለውም። ሰሙ ነበረ፣ ወርቁ አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ አንድ መዝሙር ብቻ ያዝኩ፦ የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜ እዚህ ቁጥር ላይ የሚለያዩት ለምንድን ነው? ሁለት ገጽ አልሞላም። እሱ አለፈ።

«ሽልማት ለሸበተ ሊቅ ነው»

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይምታታል። ስኮላርሺፕ ሊማር ላለ ሰው ነው። የምርምር ድጎማ ወይም ፌሎውሺፕ የተወሰነ ሥራ ለሚሠራ ነው። ሽልማት ለተጠናቀቀ ሥራ ነው። ከሽልማቶቹ መካከል ለጀማሪ ብቻ የተዘጋጁ አሉ። ጀርመን ሃይደልበርግ ውስጥ የሚሰጠው የማንፍሬድ ላውተንሽሌገር ሽልማት የዶክትሬት ድርሳናቸውን ወይም ከዚያ በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያቀረቡ 10 ተመራማሪዎችን ይመርጣል፤ ለእያንዳንዳቸው 3,000 ዩሮ ይሰጣል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ1973 ጀምሮ የተነሣው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም እዚያ አለ። የሄክማን ድጎማ የሚባለው እዚያው ሄዶ ለሚያጠና እስከ 2,000 ዶላር ይሰጣል። ተማሪ ወይም ከመጨረሻ ዲግሪው 3 ዓመት ያላለፈው፣ በሙያው ገና ስም ያላወጣ ሰው ነው የሚፈለገው። አለመታወቅ መስፈርት የሆነበት ቦታ ብዙ አይገኝም! መሄድ ያልቻለም ከብራናዎቹ ብዙዎቹን ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነፃ ያነባቸዋል።

በዚህ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካይሮ በቅብጦች የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምረው በ1962 ቱቢንገን ዶክትሬት ያገኙ ናቸው። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ያ ሽልማት ማመልከቻ የለውም፤ ሰጪዎቹ ራሳቸው ሰው ፈልገው ነው የሚሰጡት። ልጆቹ «እንዴት ላመልክት?» ሲሉኝ «ለሱ ተወው» እላለሁ።

«ገና ወጣት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ»

ብዙ ቦታ የሚቆጠረው ከተመረቅክበት ቀን ጀምሮ ነው። በብዙዎቹ የጀርመኑ ዳድ (DAAD) ስኮላርሺፖች የመጨረሻው ዲግሪ ከ6 ዓመት ማለፍ የለበትም። የዚያው የጀርመን የሁምቦልት ፌሎውሺፕ ለጀማሪ ዶክተር የሚሰጠው ዶክትሬቱ 4 ዓመት ሳይሞላው ነው። የትምህርት ዘርፍና ዜግነት አይለይም።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ። አንድ ወዳጄ ሐምሌ 2012 ተመረቀ፤ በእኛ ማለት ነው። በፈረንጅ 2020 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያመለክት ፎርሙ ላይ 2012 ብሎ ሞላ። አንባቢው አሥር ዓመት ያለፈው ዲግሪ ነው ያየው። በቃ፣ በመጀመሪያው ማጣሪያ ወደቀ። ቀነ ገደብም እንደዚያው ነው፤ ዲሴምበር 15 ማለት ታኅሣሥ 6 እንጂ ታኅሣሥ 15 አይደለም። ሰዓቱንም እዩ፣ የነሱ 12 ሰዓት የእኛ 6 ነው። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ደግሞ የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ ድፍረት ነው።

«ሃይማኖት ያስለውጡሃል»

እናቶች አብዝተው የሚፈሩት ይህን ነው። መልሱ እንደ ሰጪው ነው። አንዳንዱ በግልጽ ለራሱ ወገን ነው፤ ላንግሃም የሚባለው ድርጅት ለምሳሌ የወንጌላውያን መሪዎችን ነው ለዶክትሬት የሚረዳው። ኦርቶዶክስ ሆነህ ባትቀበለው ቅር አይበልህ። ጄኔቫ አጠገብ ያለው ቦሴ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የትምህርት ተቋም ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን በ1948 የጉባኤው መሥራች አባል ናት። እዚያ የሚፈለገው የራስህ ቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ነው። ሮምም ኦርቶዶክሶችን በቤተ ክርስቲያናቸው ላኪነት የሚያስተምር የካቶሊክ ኮሚቴ አላት። ዩኒቨርሲቲዎች ባብዛኛው እምነትህን አይጠይቁም። የጀርመን የነገረ መለኮት ክፍሎች ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን አባልነት ሊጠይቁ ስለሚችሉ ደንባቸውን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

«ሰው ከሌለህ አይሆንም»

ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ግን አጎትህ አይደለም። በርዕስህ የሚሠራ ፕሮፌሰር ነው። አጭር ኢሜይል ጻፍለት፣ ሥራውን ማንበብህ ይታወቅ። «በክፍያ ዕድሉን አስጨርስልሃለሁ» የሚልህን ደግሞ ስልኩን ዝጋበት።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ ከሆነ ከኪሴ አይወጣም»

ይወጣል። የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ የቪዛ ክፍያ አለ፣ አዲስ አበባ መመላለስ አለ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ ጽፈህ ከለመንካቸው ይምሩሃል። ጀርመንም «ነፃ ነው» ይባላል እንጂ ሃይደልበርግና ቱቢንገን ባሉበት ክልል ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። የዶክትሬት ተማሪ ከዚህ ነፃ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ይህን ስነግረው አንዱ ልጅ ሻዩን አስቀምጦ «ታዲያ ማስተርሱን እዚሁ ልጨርሰው?» አለኝ። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።