ኦሪጅናል ስክሪን ስልኩ ለምን አላውቀውም ይለዋል?
ከአንድ አይፎን ወጥቶ ሌላው ላይ የተገጠመ ኦሪጅናል ስክሪን እንኳ «ያልታወቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያመጣ ይችላል። ስክሪኑ፣ ባትሪውና ካሜራው የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ በሶፍትዌር ከስልኩ ዋና ቦርድ ጋር ካልተጣመረ አንዳንድ አገልግሎቶች ይቋረጣሉ።

የዚህ ማጣመር አንዱ ዓላማ የተሰረቀ ስልክ ተበታትኖ እንዳይሸጥ ነው። ከአይኦኤስ 18 (የአይፎን ሶፍትዌር ስሪት) ወዲህ ክፍሉ በባለቤቱ አካውንት ከተቆለፈ ስልክ የወጣ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የአፕል አካውንት ፓስወርድ ይጠየቃል። ይህ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን ባለቤቱ አካውንቱን ሳያወጣ በፈቃዱ የሰጠው ስልክም እንደተሰረቀ መቆጠሩ ነው፤ ምንም ያልሆነ ስክሪን ቆሻሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ስልክዎን ለመለዋወጫ ከመስጠትዎ በፊት የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን «ፋይንድ ማይ»ን ያጥፉ፣ ከአካውንትዎም ይውጡ።

የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ከጥር 2025 በኋላ በሚመረቱ መሣሪያዎች ላይ ጥገናን የሚያደናቅፍ ማጣመርን ከልክላለች።