«ዲሹ ነው የተበላሸው» እና ሌሎች ስለ ሚዲያ አፈና የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ቡና ላይ የሚዲያ ወሬ ከተነሳ ሁሉም የሚለው አለው። አፋችንን ሞልተን ከምንናገረው ውስጥ ግን ስህተቱ ጥቂት አይደለም። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ሳንሱር እኮ በሕግ ቀርቷል።»

በሕግ አዎ። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ደግሞ ማንኛውንም ዓይነት ሳንሱር ይከለክላል። የቀረው ግን ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አንብቦ ማህተም የሚመታው ሰውዬ ነው። ዛሬ ሥራው በሌላ በሌላ መንገድ ይሠራል። ፈቃድ ይታገዳል፣ ጋዜጠኛ ይታሰራል፣ ሞገድ ይታወካል፣ ኢንተርኔት ይቆረጣል። አንዳንዴ አንድ ስልክ ይበቃል። ስልክ ደግሞ ማህተም የለው፣ ፊርማ የለው።

«ጣቢያው የጠፋው ዲሹ ስለተበላሸ ነው።»

ከውጭ በሳተላይት የሚያሰራጨው ኢሳት ቴሌቪዥን በሚታፈንበት ዘመን የዲሽ ሠራተኞች ጥሩ ገበያ ነበራቸው። ሰውዬው ቆርቆሮ ላይ ቆሞ «መጣ?» ይላል። ከታች «አልመጣም!» ይባላል። ሪሲቨሩ ሰርች ይደረጋል፣ ኤል ኤን ቢው ይቀየራል፣ ብር ይከፈላል። ጣቢያው ግን ወይ ፍንክች።

ችግሩ ጣሪያው ላይ አልነበረም። ጣቢያው ወደ ሳተላይት በሚልክበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌላ የበረታ ሞገድ ከተላከ፣ ሳተላይቱ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን የሚያጣው የጎጃም ተመልካች ብቻ አይደለም። ሌላ አገር ያለውም ያጣዋል። በዚያው ማሰራጫ የሚጠቀሙ፣ ከነገሩ የሌሉበት ጣቢያዎችም አብረው ይወድቃሉ።

ሬዲዮን ማፈን ከዚህም ይቀላል። አጭር ሞገድ ላይ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ጩኸት መልቀቅ ነው። ጣቢያዎቹ «በ19፣ በ25 እና በ31 ሜትር ባንድ» ሲሉን የኖሩት አንዱም ምክንያት ይሄው ነው፤ አንዱ ቢታፈን ሌላው እንዲያመልጥ። ይህ ሐሜት አይደለም። በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል የዘር ጭፍጨፋውን ካራገበው ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ አቅሙ ሲኖር እንዲታፈን ትእዛዝ እንደሚሰጡ በይፋ ተናግረዋል። በጥቅምት 2009 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜው መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን (የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን) ማየትን ራሱን ከለከለ። ያኔ ዲሹ ቢሠራም የሚፈራው ጎረቤት ሆነ።

በነገራችን ላይ ጩኸት ሁሉ አፈና አይደለም። አጭር ሞገድ በሰዓትና በወቅት ይለዋወጣል፣ ክረምት ላይ መብረቅ ያንጫጫዋል። ነፋስም ዲሽ ያዞራል። ሠራተኛውም ልክ የሚሆንበት ቀን አለ።

«ሬዲዮ ቢዘጋስ? ኢንተርኔት አለ አይደል!»

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ጎጃም ወራትን ያለ ዳታ ኖረ። ጥር 20 ቀን 2016 መራዊ ላይ የሆነውን እናስታውስ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን ያስታወቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። መራዊ ደግሞ ሩቅ በረሃ አይደለችም። የክልሉ ሚዲያ ዋና መሥሪያ ቤት ካለበት ከባሕር ዳር አጠገብ፣ ዋናው አስፋልት ላይ ናት።

«ጎጃሜ በቅኔ ይናገራል፤ ማን ሊያፍነው?»

ይህቺን ሳንወዳት አንቀርም። ቅኔ ምሬት ያወጣል፣ ሹም ይሸነቁጣል፣ ሰምቶ የሚስቅም አያጣም። የዩሪያ ዋጋ ግን በሰምና ወርቅ አይነገርም። የደጀን መንገድ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል? መምህሩ የታሰረው የት ነው? ትምህርት መቼ ይጀመራል? ዜና ማለት ይሄ ነው፤ ስም፣ ቦታ፣ ቀን። አፈና መጀመሪያ የሚወስድብንም ይህንኑ ነው። አስተያየትማ ጠላ ቤት ሞልቷል።

«የታገደ ሁሉ እውነተኛ ነው።»

ይሄኛው የመንግሥት ተቺ ነን የምንለው ሰዎች ስህተት ነው። ከተማ መሀል ቁጭ ብለህ ማኪያቶ እየጠጣህ፣ ከውጭ የሚያሰራጭ ቻናል ያቺው ከተማ «ተያዘች» ይልሃል። በሌላ ቀን ደግሞ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የመንግሥቱ ጣቢያ «ሰላም ነው» ይልሃል። መታገድ ለጣቢያ ጥራት ምስክር አይሆንም። ሁለቱንም ውሸት የሚያጋልጠው ቦታው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ዘጋቢ ነው። እሱ ደግሞ ቀድሞ የሚታሰረው ሰው ነው።

«ሕግ ያከበረ ጋዜጠኛ አይታሰርም።»

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ጥሩ ሕግ ነበር። በመገናኛ ብዙኃን ወንጀል ሠርቷል ተብሎ የተከሰሰ ሰው «ለምርመራ» ተብሎ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። ወረቀቱ ይህን እያለ ጋዜጠኞች በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲመላለሱ ከርመዋል። በ2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ያለ ክስ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ታስረው የከረሙም አሉ። በሚያዝያ 2017 የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ተሻሻለ። ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ ወደ ባለሥልጣኑ ራሱ ሄደ፤ የባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር መሾምም ከፓርላማው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ። ማሻሻል ከተባለ።

«ለውጡ ያመጣው ነፃነት ቢያንስ አልተነካም።»

ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች በሚያወጣው የ180 አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 150ኛ ነበረች። በ2019 110ኛ፣ በ2020 99ኛ ሆነች። በ2025 145ኛ። የአለካኩ ዘዴ በ2022 ስለተቀየረ ቁጥሩን አንድ ለአንድ ማነጻጸር አይቻልም፤ ቁልቁል መሄዱ ግን አያከራክርም።

«ጣቢያ የሚዘጋው ሁሌም ከአራት ኪሎ ነው።»

በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ሲቋረጥ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ያጣው ብዙ ሰው «አሁንስ አበዙት» ብሎ ይሆናል። ያኔ ግን ውሳኔው የዋሽንግተን ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ተቋም እንዲቀነስ በማዘዛቸው ነው። የጀርመኑ ጣቢያ የዶቼ ቬለ ነገር ሌላ ነው። በጥቅምት 2018 የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የአማርኛው ክፍል ዘጋቢዎች አገር ውስጥ እንዳይሠሩ ለጊዜው አገደ። እንዲህ ያለ እገዳ ሞገድ አያውክም። ስቱዲዮው ጀርመን ስለሆነ ድምፁ ይሰማል፤ እዚህ ሆኖ የሚጠይቅለት ሰው ነው የሚያጣው።